ሊፓቲን ታላቅ ያደረገው ሞቱ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ሩማንያዊው ፒያኒስት ዲኑ ሊፓቲ የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ሰሞኑን የክላሲካል ሙዚቃ ወዳጆችን ሲያነጋግር ሰንብቷል። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሊፓቲ በ33 ዓመቱ ባይሞት ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሰው አይኖርም፤ የተወልን ቀረጻ ጥቂት ነው፣ እሱም ቢሆን የሚበዛው ቀላል የሳሎን ሙዚቃ ነው፤ አጨዋወቱ ንጹሕ እንጂ እሳት የለውም፣ ንጽሕናውም የስቱዲዮ መቀስ ሥራ ነው፤ በስሙ የወጣው የሾፓን ኮንቸርቶ (ለአንድ ተጫዋችና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ) ቀረጻ የሌላ ፒያኒስት ሆኖ መገኘቱ አድናቂዎቹ የሚሰሙት ጣቱን ሳይሆን ስሙን እንደሆነ አጋልጧል፤ በፈረንሳይዋ ቤዛንሶን ከተማ ያደረገው የመጨረሻ ኮንሰርትም የሚደመጠው ለበሽተኛው ከማዘን የተነሳ ነው።

ጸሐፊው ሙዚቃ የማያውቁ ሰው አይደሉም። አንዳንድ ያነሷቸው ነገሮችም እውነት አላቸው፤ ቦታቸው ሲደርስ አነሳቸዋለሁ። ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝም ይኸው ነው። ሊፓቲን ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ ይህን ጽሑፍ አምኖ ሸክላውን ሳይከፍት ቢቀር ጉዳቱ የሊፓቲ ሳይሆን የአንባቢው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሞቱ ነው የታወቀው ከሚለው ልጀምር። በ1933 ቪየና ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የፒያኖ ውድድር ሊፓቲ ሁለተኛ ወጣ። ገና 16 ዓመቱ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ አልፍሬድ ኮርቶ ነበር፤ በሾፓንና በሹማን ሥራዎች አጨዋወቱ ስሙ በመላው አውሮፓ የገነነው ፈረንሳዊ። ኮርቶ አንደኛነቱ ለዚህ ልጅ ይገባ ነበር ብሎ ከዳኝነቱ ራሱን አገለለ። ልጁም ወደ ፓሪስ ሄዶ የእሱ ተማሪ ሆነ። የሙዚቃ ድርሰት ከፖል ዱካ፣ ኦርኬስትራ መምራት ከሻርል ሙንሽ ተማረ፤ ናዲያ ቡላንዤም አስተማሪው ብቻ ሳትሆን የመድረክ ጓደኛውም ሆነች፤ በ1937 የብራምስን ዋልትዞች አንድ ላይ ለሸክላ ተጫውተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሊፓቲ ጤነኛ ነበር። የሚያዝንለትም ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም። ኮሎምቢያ የተባለው የእንግሊዝ የሸክላ ኩባንያ ፕሮዲውሰር ዋልተር ሌግ ያስፈረመው በ1946 ነው፤ የግሪግና የሹማን ኮንቸርቶዎቹም እሱ በሕይወት እያለ ገበያ ወጥተው ተደምጠዋል።

እርግጥ ነው፣ ከሞተ በኋላ ስለ እሱ የሚጻፈው ነገር መልኩን ለውጧል። እንደ ቅዱስ፣ እንደ መልአክ የሚያዩት በዙ። ይህን በተመለከተ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ እኔንም ይህ ዓይነቱ ወሬ ያሰለቸኛል። ግን ወሬውን ያበዙት አድናቂዎች ናቸው። የአድናቂን ማጋነን ተጫዋቹ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

የቀረጻውን ማነስ በተመለከተ ጸሐፊው ቁጥሩን አይተው ምክንያቱን ሳያዩ አልፈዋል። ሊፓቲ በ1943 በኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ከማድሌን ጋር ከሩማንያ ወጥቶ ጄኔቫ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት በከተማው ኮንሰርቫቶሪ ማስተማር ጀመረ። በሽታውም ምልክት ማሳየት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። በ1947 ሆጅኪን የሚባለው የሊምፍ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ ዋናዎቹ የስቱዲዮ ቀረጻዎቹ የተሠሩት በ1947 እና በ1948 ለንደን፣ ከዚያም በሐምሌ 1950 ጄኔቫ ነው። በመሀል ያለው ጊዜ ትኩሳት፣ የጨረር ሕክምናና የተሰረዘ ኮንሰርት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተሠራን ሥራ ሰማንያ ዓመት ኖሮ ከተቀረጸ ፒያኒስት ጋር በብዛት ማወዳደር ምን ፍሬ አለው?

"ቀላል ነገር" ለሚለው ደግሞ የተቀረጸውን መቁጠር ይበቃል። የባርቶክን ሦስተኛ ኮንቸርቶ በግንቦት 1948 ባደን ባደን ላይ ከኦርኬስትራ መሪው ከፓውል ዛኸር ጋር ተጫውቷል፤ ባርቶክ ከሞተ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር፣ ሥራው ገና ትኩስ ነው። የሊስት አንደኛ ኮንቸርቶ ከአንሴርሜ ጋር፣ የባኽ ዲ ማይነር ኮንቸርቶ በአምስተርዳም ከቫን ባይኑም ጋር አለ። የሩማንያዊው ደራሲና ቫዮሊኒስት የኤኔስኩ ሦስተኛ ፒያኖ ሶናታ አለ፤ የኤኔስኩን ሁለተኛና ሦስተኛ የቫዮሊን ሶናታ ደግሞ ራሱ ኤኔስኩ ቫዮሊኑን ይዞ፣ ሊፓቲ ፒያኖው ላይ ሆኖ በ1943 ቡካሬስት ላይ ቀርጸውታል። ኤኔስኩ የሊፓቲ የክርስትና አባት ነበር። የዚያን ሦስተኛ ሶናታ ኖታ ያየ ሰው ቀላል የሚለውን ቃል ከአፉ አያወጣም።

ቤትሆቨንን አለመቅረጹን ጸሐፊው የአቅም ማነስ አድርገው ወስደውታል። እዚህ ላይ ሌግ ያስተላለፈውን ማስታወስ ይገባል። ሌግ የቤትሆቨንን አምስተኛ ኮንቸርቶ እንዲቀርጽ ሲጠይቀው ሊፓቲ ለመዘጋጀት አራት ዓመት እንደሚያስፈልገው፣ ለቻይኮቭስኪው ደግሞ ሦስት ዓመት እንደሚፈልግ ነገረው። ይህን የተናገረው ጣቱ የማይታዘዝለት ሰው አይደለም። ኖታውን ማንበብና መጫወትማ በሳምንታት የሚያልቅ ነገር ነበር። እሱ የሚፈልገው በራሱ ስም ወጥቶ ለዘላለም የሚቀር ቀረጻ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ጊዜ ደግሞ አልተሰጠውም። በእኔ አመለካከት የሊፓቲ ቀረጻዎች ምስጢር እዚህ ነው። ሊቆምለት የማይችለውን አላወጣም። ጥቂት መሆናቸው ከበሽታው ብቻ ሳይሆን ከዚህ ጠባዩም የመጣ ነው፤ ጸሐፊው እንደ ጉድለት የቆጠሩት ነገር እያንዳንዷን ሸክላ ዛሬም ድረስ ያቆያት ነው።

አሁን ወደ መቀሱ እንምጣ። ጸሐፊው ሊፓቲ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የሚሰማው ጥሩ ጥሩው እየተቆረጠ ስለተቀጣጠለ ነው ብለው ጽፈዋል። ይህ ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ስሕተት ነው። የ1947 እና የ1948 የለንደን ቀረጻዎች የተሠሩት በቀጥታ ዲስክ ላይ በመቅረጽ ነው። አንዱ የሸክላ ፊት የሚይዘው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን ሙዚቃ ነው። ተጫዋቹ ያንን ያህል ይጫወታል፣ መርፌው እየቆረጠ ይጽፋል፣ ያቆማሉ፣ ሌላ ዲስክ ይተካል፣ ከቆመበት ይቀጥላል። በአራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ኖታ ከሳተ የተሳተውን ብቻ አውጥቶ ሌላ መተካት አይቻልም፤ ያለው ምርጫ ፊቱን በሙሉ እንደገና መጫወት ወይም ስሕተቱን ይዞ መውጣት ነው። እንግዲህ በሴፕቴምበር 1947 በአቢ ሮድ ስቱዲዮ አልቼኦ ጋሊዬራ ኦርኬስትራውን እየመራ የተቀዳውን የግሪግ ኮንቸርቶ በዚህ ዓይን እንደገና ስሙት። አንዱ ፊት አልቆ ሌላው ሲጀምር የፍጥነቱ፣ የድምፁ፣ የስሜቱ መያያዝ አይበጠስም። ይህን ያደረገው ራሱ ሰውየው ነው። ይህን የሚሠራ መቀስ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

እሳት የለውም ለሚሉት አንድ ሸክላ ብቻ እጠቁማለሁ፦ በሚያዝያ 1948 የተቀዳው የራቬል "አልቦራዳ ዴል ግራሲዮሶ"። ይህ ሥራ ፒያኒስቶችን የሚያስፈራበት ሁለት ቦታ አለው። አንደኛው አንድ ቁልፍ በፍጥነት እየተደጋገመ የሚመታበት ነው፤ ጊታር ሲቀነጠስ የሚሰጠውን ድምፅ በፒያኖ ለማምጣት የተጻፈ። ሁለተኛው አንድ እጅ ሁለት ኖታ ባንድ ጊዜ ይዞ በቁልፎቹ ላይ የሚንሸራተትበት ነው፤ ጣት የሚልጥ ነገር ነው። ሊፓቲ የተደጋገሙትን ኖታዎች ሲመታ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትሰማለች፣ አንዷም በሌላዋ አትዋጥም፤ መንሸራተቱ ሲመጣ ደግሞ ድምፁ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ለመከተል ጆሮ ይቸገራል። መጨረሻው ላይ የሚያነሳው ማዕበል ገር የሚባል አይደለም። ጸሐፊው ይህን ቀረጻ በጽሑፋቸው አንድም ቦታ አላነሱትም። ሊፓቲ እሳት የለውም ብሎ የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ይህን ነበር።

በሌሎቹ ሥራዎች ላይ እሳቱ የማይታያቸው ሊፓቲ ስለማይጮኽ ይመስለኛል። የሹማንን ኮንቸርቶ መጀመሪያ እንውሰድ፤ በሚያዝያ 1948 ከኦርኬስትራ መሪው ከካራያንና ከፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ ጋር የተቀዳውን። ኦርኬስትራው አንዴ ይመታል፣ ፒያኖው ከላይ ወደ ታች በኮርዶች ይወርዳል፣ ኦቦው ዋናውን ዜማ ያሰማል፣ ከዚያ ፒያኖው ያንኑ ዜማ ተቀብሎ ይደግማል። ብዙ ፒያኒስቶች እዚህ ቦታ ላይ መጣሁ ለማለት ዜማውን ይጎትቱታል፣ ያቃስቱበታል። ሊፓቲ ከኦቦው አፍ ተቀብሎ ሳያጋንን ይቀጥላል። ሁለቱ እየተነጋገሩ ነው፤ አንዱ ሌላውን አልበለጠም። በመውረጃ ኮርዶቹ ላይ የነበረው ኃይል የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ አልሄደም፤ ታጥፎ ዜማው ውስጥ ገብቷል። ወደ መጨረሻው ሲሄድ ተመልሶ ይወጣል። ለእኔ ይህ ከብዙ ጩኸት ይልቅ ይከብዳል።

የድምፅ ጥራቱ ደካማ ነው የተባለው እውነት ነው። ሸክላዎቹ ይንጫጫሉ፣ ኦርኬስትራው ከሩቅ ይመጣል፣ ከሬድዮ የተረፉት ኮንሰርቶች ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ። በዚህ ላይ የምከራከረው የለኝም።

የሐሰተኛው ኮንቸርቶ ታሪክ ግን ረጋ ተብሎ መነገር አለበት፤ ጸሐፊው ትልቁን በትር የሰነዘሩት በእሱ ነውና። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ የሸክላ አሳታሚው ድርጅት ኢኤምአይ የሾፓንን አንደኛ ኮንቸርቶ የሊፓቲ ነው ብሎ አወጣ። ለዓመታት ተሸጠ፣ ተወደሰ። በ1981 ሬድዮ ላይ ሲተላለፍ የሰማ አንድ አድማጭ ይህ ቀደም ሲል በቼክ ሸክላ ከወጣው የሃሊና ቸርኒ ስቴፋንስካ ቀረጻ ጋር አንድ ነው አለ። ተነጻጸረ፣ እውነትም አንድ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ሊፓቲን ከሌላው የሚለየው ነገር እንደሌለ ነው።

እኔ ከዚሁ ታሪክ የማወጣው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ስሕተቱን የደረሰበት መዝገብ ያገላበጠ ጸሐፊ ወይም የድርጅቱ ሠራተኛ አልነበረም፤ አድማጭ ነው፣ በጆሮው። የሚሰሙት ስሙን ብቻ ነው በተባለበት ጉዳይ ውስጥ ነገሩን ያወጣው ስሙን ሳይሆን ድምፁን የሰማ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ቸርኒ ስቴፋንስካ ማን ነበረች? በ1949 ዋርሶ ላይ በተደረገው የሾፓን ውድድር ከቤላ ዳቪዶቪች ጋር አንደኛነቱን የተጋራች ፖላንዳዊት ናት፤ ያውም በሾፓን። የእሷን ሾፓን ሰምቶ እጅግ ድንቅ ነው ያለ አድማጭ በሙዚቃው አልተሳሳተም፣ በመለያው ወረቀት ነው የተሳሳተው። ይልቅ ያዘንኩት ለእሷ ነው፤ የምስጋናው ባለቤት እሷ ሆና ሳለ ለዓመታት ሌላ ሰው ተመሰገነበት። ጸሐፊው ስሟን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉም ይበልጣል። ከዚህ ውዝግብ በኋላ እውነተኛው ተገኘ። ሊፓቲ ኮንቸርቶውን በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1950 ዙሪክ በሚገኘው ቶንሃለ አዳራሽ፣ ኦቶ አከርማን እየመራ ተጫውቶት ነበር፤ ያም ቀረጻ ታተመ። ድምፁ የሻከረ ነው። ነገር ግን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማድመጥ ይቻላል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። በሁለተኛው ክፍል፣ ዘገም ባለው ሮማንስ ላይ፣ ቀኝ እጅ ዜማውን ሲዘረጋ ልዩነቱ ይሰማል። ስቴፋንስካ ዜማውን ታስጌጠዋለች፣ በየጫፉ ትንሽ ትዘገያለች፣ ውብ አድርጋ። ሊፓቲ የግራ እጁ ሳይዛነፍ እየሄደ ቀኝ እጁ ብቻ ነጻነት ይወስዳል፤ የዘገየውን ሳይታወቅ መልሶ ይከፍላል። ሁለቱም ታላላቅ ናቸው፣ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው እውነተኛውን ቀረጻ ሳያነሱ ስለ ሐሰተኛው ብቻ መጻፋቸው ክርክሩን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

ቤዛንሶንን በተመለከተ አስቀድሜ አንድ የመረጃ ስሕተት ላርም። ጸሐፊው ዓለም የሚያውቀው የሾፓን ዋልትዞች ሸክላ የቤዛንሶኑ ኮንሰርት እንደሆነ አድርገው ጽፈዋል። አይደለም። ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በሐምሌ 1950 በጄኔቫ ሬድዮ ስቱዲዮ የተቀዳው ነው። በዚያ ሰሞን ኮርቲዞን የተባለው አዲስ መድኃኒት ለጥቂት ሳምንታት ብርታት ሰጥቶት ነበር፤ ሌግ የቀረጻ ቡድኑን ይዞ ወደ ጄኔቫ ሄደ። በእነዚያ ቀናት 14ቱንም ዋልትዞች፣ የባኽን አንደኛ ፓርቲታ (በዳንስ ስልት የተጻፉ ክፍሎች ስብስብ)፣ የሞዛርትን ኤ ማይነር ሶናታ፣ የባኽ ኮራሎችን (በመዝሙር ዜማ ላይ የተሠሩ ሥራዎች) ቀረጸ። ይህ የሚያሳዝን ሰው ቀረጻ አይደለም። ዋልትዞቹን በታተሙበት ቁጥር ሳይሆን ራሱ በመረጠው ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ አስቦ ነው የተጫወተው። ሸክላውን ያለ ስምና ያለ ታሪክ ለሚሰማው ሰው የበሽታ ምልክት የለበትም። እንዲያውም ኦገስት ላይ ሉሰርን ሄዶ የሞዛርትን ሲ ሜጀር ኮንቸርቶ፣ ኬ 467ን፣ ከካራያን ጋር በራሱ ካዴንዛዎች (ኦርኬስትራው ዝም ሲል ፒያኖው ብቻውን የሚጫወታቸው ክፍሎች) ተጫውቷል።

ሁለተኛው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1950 ቤዛንሶን ላይ የተደረገው ኮንሰርት ነው። መድኃኒቱ የሰጠው ብርታት ያኔ አልቆ ነበር። ሐኪሞቹ እንዳይሄድ ለመኑት፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ ብሎ ሄደ። ባኽ፣ ሞዛርት፣ የሹበርት ሁለት ኢምፕሮምፕቱ፣ ከዚያ ዋልትዞቹ። 13ቱን ተጫወተ። በእሱ ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ለምትመጣው ለኤ ፍላት ሜጀሯ ጉልበት አልቀረለትም። በምትኩ የባኽን "ኢየሱስ ደስታዬ" የተባለውን ኮራል ተጫውቶ ኮንሰርቱን ጨረሰ፤ ይህኛው በታተመው ቀረጻ ውስጥ የለም። ዲሴምበር 2 ቀን ሞተ።

ይህንን የሚሰማ ሰው ልቡ ቢነካ ምን ያስወቅሰዋል? ግን ጸሐፊው ከስሜቱ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም ማለታቸው ትክክል አይደለም። ቀረጻው ሲጀምር ሊፓቲ ወደ ፓርቲታው ከመግባቱ በፊት በቢ ፍላት ሜጀር አርፔጆ፣ ማለትም የኮርዱን ኖታዎች ተራ በተራ እየመታ፣ ከታች ወደ ላይ ይሮጣል። ፒያኖውን እየሞከረ፣ የአዳራሹን ድምፅ እየለካ፣ የአድማጩን ጆሮ ወደ ቁልፉ እያመጣ ነው። ከሥራ ወደ ሥራ ሲሻገርም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ የድሮ ፒያኒስቶች ልማድ ነው፤ የእጅ ሙያ ነው። ሰውየው ቆሞ መሄድ ባቃተው ቀን እንኳ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ማድረግ ያለበትን አልዘለለም። የፓርቲታው መጨረሻ የሆነው ፈጣን ዳንስ፣ ዢግ ላይ ሲደርስ ደግሞ እጆቹ እየተሻገሩ፣ አንዱ ከሌላው በላይ እየዘለለ፣ አንዷንም ኖታ አያድበሰብስም። ከሐምሌው የስቱዲዮ ቀረጻ ጋር ላስተያየው ሰው የቤዛንሶኑ አንዳንድ ቦታ ይበልጥ ደፋር ነው፤ በሞዛርቱ የመጀመሪያ ክፍል የግራ እጅ ኮርዶች ጠንከር ብለው ይመታሉ፣ ቁጣ አለባቸው። በሌላ በኩል አንዳንዶቹ ዋልትዞች ላይ ድካሙ ይታወቃል፤ የስቱዲዮዎቹ ይሻላሉ። ይህ የአጨዋወት ንጽጽር ነው፣ ስለ ሞት የሚናገረው ነገር የለም። ጸሐፊውም ይህን ማድረግ ይችሉ ነበር።

"ኢየሱስ ደስታዬ" ስለምትባለው ትንሽ ሥራ ደግሞ ሕዝባዊ ዝና ያገኘችው በሞቱ ታሪክ ነው ብለዋል። ሊፓቲ በ1935 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን ትልቅ ኮንሰርቱን ሊሰጥ ሦስት ቀን ሲቀረው መምህሩ ዱካ ሞተ። ለመታሰቢያው ፕሮግራሙን የከፈተው በዚችው ሥራ ነው፤ ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። እንግሊዛዊቷ ፒያኒስት ማይራ ሄስ ለፒያኖ ያዘጋጀችው ይህ ኮራል ሦስት ነገር ባንድ ላይ ይዟል፦ ሳያቋርጥ የሚፈስ የሦስት ሦስት ኖታ ጅረት፣ ከመሀሉ ብቅ የምትል የመዝሙሩ ዜማ፣ ከታች የሚራመድ ባስ። ጀማሪ ተማሪም ይሞክረዋል። ሦስቱን በሦስት የተለያየ ድምፅ አድርጎ፣ ዜማዋ ሳትጮኽ እንድትሰማ፣ ጅረቱም እንዳይቆም ማድረግ ግን ጥቂቶች የቻሉት ነው። ሊፓቲ በ1947 ቀረጸው፤ በ1950 እንደገና ቀረጸው፤ በሁለቱም ይህን ያደርጋል።

ስለ ድርሰቶቹ ጸሐፊው ያሉት አንድ መስመር ነው፤ የትርፍ ጊዜ ሥራ ናቸው ብለው። "ሻትራሪ" የተባለውን የኦርኬስትራ ስዊት በ1934፣ "ኮንቸርቲኖ በክላሲክ ስልት"ን በ1936፣ ለግራ እጅ ብቻ የተጻፈውን ሶናቲና በ1941 ደርሷል። ኮንቸርቲኖውን ራሱ ፒያኖ ላይ ሆኖ በ1943 በርሊን ላይ ቀርጾታል፤ ይገኛል። የኖታን ውስጥ አሠራር ከደራሲው ወገን ሆኖ የሚያውቅ መሆኑ በአጨዋወቱ ላይ ይታያል፤ ለሞዛርት የጻፋቸው ካዴንዛዎችም ከዚያው የመጡ ናቸው።

ስለዚህ ጸሐፊው ጽሑፋቸውን መልሰው የሚያዩት ከሆነ ቢያንስ ሦስት ቦታ እንዲታረም እጠይቃለሁ፦ የሐምሌውን የዋልትዝ ሸክላ ከቤዛንሶኑ ይለዩ፤ የለንደኑን ቀረጻ በመቀስ የተሠራ ያሉትን ያንሱ፤ የዙሪኩን እውነተኛ ኮንቸርቶ ከሐሰተኛው ጎን ይጥቀሱ። በአጨዋወቱ ላይ ያላቸውን አስተያየት ግን አልቀበልም እንጂ ይዘው መቆየት መብታቸው ነው። አልቦራዳውን ሰምተው ምን እንዳሉ ሲጽፉ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።